ህመሙ በጨው ውሃ ታገሰ ማለት አላመመውም ነበር ማለት አይደለም

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «የ24 ዓመት ታናሽ ወንድሜ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ተደርጎለት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን ማስታገሻ መርፌ ሲሰጡት ይሻለው ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ህመሙ ሲጠናበት ተረኛዋን ነርስ ጠራኋት። ሲሪንጅ ይዛ መጣችና ‹ይሄ ጠንካራ ማስታገሻ ነው፣ አሁን ይተውሃል› ብላ ሰጠችው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰደው። ጠዋት ግን ለጓደኛዋ ‹ሳላይን (ጨው ውሃ) ነው የሰጠሁት፤ ያን ያህል አላመመውም ነበር ማለት ነው› ስትላት በጆሮዬ ሰማሁ። ወንድሜ እያስመሰለ ነበር? ውሃ የሚሠራ ከሆነስ ሞርፊንና ትራማዶል ለምን ይሰጣል? ለእሱ ልንገረው ወይስ ይቅር?»

ወንድምዎ አላስመሰለም። ሆዱ ተከፍቶ የተሰፋ ሰው በሁለተኛው ሌሊት ቢያመው የሚጠበቅ ነው። ህመሙ በጨው ውሃ መታገሱም ህመሙ ውሸት መሆኑን አያሳይም። ይህን የነርሷን ድምዳሜ ብዙ የጤና ባለሙያዎች ይጋሩታል። እኔም ተማሪ እያለሁ በሽተኛ በዚህ መንገድ «ሲፈተን» አይቻለሁ። ያኔ ዝም አልኩ። ዛሬ ዝም የምልበት ምክንያት የለኝም፤ ፈተናው ምንም ነገር አይፈትንም።

ይህን የምናውቀው ከጥርስ ነቀላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆን ሌቪን፣ ኒውተን ጎርደንና ሃዋርድ ፊልድስ የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። የተጠኑት የመጨረሻ መንጋጋቸውን የተነቀሉ ሰዎች ናቸው። እንደ ወንድምዎ ትኩስ ቁስል ያላቸው ማለት ነው። መድኃኒት የሌለበት መርፌ፣ ማለትም ፕላሴቦ ተሰጣቸው። የአንዳንዶቹ ህመም ቀለል አለ። ቀጥሎ ናሎክሶን ተሰጣቸው። ናሎክሶን ሞርፊን በዝቶበት መተንፈስ ያቃተውን ሰው ለማዳን የምንጠቀምበት መድኃኒት ነው፤ ሞርፊን የሚገባበትን በር ይዘጋል። በፕላሴቦው ተሽሏቸው የነበሩት ሰዎች ህመም መልሶ ጨመረ።

ሰዎቹ ሞርፊን አልወሰዱም። ታዲያ ናሎክሶኑ ምን ዘጋ? ሰውነታቸው ራሱ የሠራውን ማስታገሻ ነው የዘጋው። አንጎላችን ከሞርፊን ጋር የሚመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ያመነጫል፤ ኢንዶርፊን ይባላሉ። «አሁን እርዳታ መጣልኝ» የሚለው ተስፋ እነዚህን ያስለቅቃል። ከአንጎል ግንድ ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርድ መስመር አለ፤ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚመጣውን የህመም መልእክት እዚያው ታች ያለዝበዋል። በ2009 የሃምቡርግ ተመራማሪዎች ይህንን በህብለ ሰረሰር ምስል ላይ አሳይተዋል። ስለዚህ ፕላሴቦ የሠራለት ሰው «የመሰለው» ሰው አይደለም። በሰውነቱ ውስጥ የሚለካ ነገር ተካሂዷል።

በጥያቄዎ ውስጥ በቀላሉ የሚታለፍ፣ ለእኔ ግን ትልቅ የሆነ ነገር አለ። በመጀመሪያው ቀን እውነተኛ ማስታገሻ ተሰጥቶት ነበር። ያው ሲሪንጅ፣ ያው ነጭ ጋውን፣ ያው በክንዱ ላይ ያለ ካኑላ፣ ከዚያም እፎይታ። ሰውነት ይህን ይማራል። በጣልያኗ ቱሪን ማርቲና አማንዚዮና ፋብሪዚዮ ቤኔዴቲ በ1999 ያወጡት ሙከራ ይህን በደንብ ያሳያል። በጎ ፈቃደኞች መጀመሪያ ሞርፊን፣ ቀጥሎ ፕላሴቦ ሲወስዱ፣ የፕላሴቦው እፎይታ በናሎክሶን ይጠፋ ነበር። መጀመሪያ የወሰዱት ኬቶሮላክ ከሆነ ግን፣ እሱም በሞርፊን በር የማይገባ፣ የዳይክሎፌናክ ዘመድ የሆነ ማስታገሻ ነው፣ የፕላሴቦውን እፎይታ ናሎክሶን አያጠፋውም። ሰውነት ባለፈው የሄደበትን መንገድ ነው የሚደግመው። እንግዲህ የወንድምዎ የሁለተኛ ሌሊት እፎይታ የተገነባው በመጀመሪያው ቀን መድኃኒት ላይ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ውሃ ብቻ ቢሰጠው ኖሮ ውሃው ያን ያህል ላይሠራለት ይችል ነበር።

ሁለተኛው ነገር የነርሷ ቃል ነው። «ጠንካራ ማስታገሻ ነው» ብላዋለች። አሁንም ቱሪን ውስጥ፣ ደረታቸው ተከፍቶ ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው ሰዎች ለሦስት ቀን ጨው ውሃ በጠብታ ይወርድላቸው ነበር። ሁሉም ሲያማቸው ጠይቀው ቡፕረኖርፊን የተባለ ጠንካራ ማስታገሻ ያገኛሉ። ልዩነቱ ስለ ጠብታው የተነገራቸው ነገር ብቻ ነበር። ለአንዱ ቡድን ምንም አልተባለም። ለሁለተኛው «ማስታገሻ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል» ተባለ። ለሦስተኛው «ኃይለኛ ማስታገሻ ነው» ተባለ። ምንም ካልተባሉት ጋር ሲነጻጸር ሁለተኛው ቡድን 20.8 በመቶ፣ ሦስተኛው 33.8 በመቶ ያነሰ ቡፕረኖርፊን ጠየቀ። ውጤቱ የታተመው በ2001 ነው። ጨው ውሃው አንድ ነው፤ የተለየው ቃሉ ነው።

ግን ይህን ቁጥር ደግመው ይመልከቱት። ሦስተኛው ቡድንም ቢሆን ማስታገሻውን ቀነሰ እንጂ አልተወም። ሁለት ሦስተኛው ፍላጎቱ እንዳለ ነው። የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ስለ ፕላሴቦ በየቦታው የሚጠቀስ አንድ ቁጥር አለ። «ከሦስት ሰው አንዱ በፕላሴቦ ይድናል» ይባላል። ምንጩ ሄንሪ ቢቸር የተባለ አሜሪካዊ የሰመመን ሐኪም ነው። ቢቸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣልያን ውስጥ ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን አክሟል። ማስታገሻ ይፈልጉ እንደሆነ ሲጠይቃቸው ከአራቱ ሦስቱ ገደማ አልፈልግም ማለታቸው አስገረመው። በ1955 ደግሞ 15 ጥናቶችን ደምሮ 35 በመቶ ያህሉ በፕላሴቦ ተሽሏቸዋል ሲል ጻፈ። ሰውየው ትልቅ ነገር አይቷል። ስሌቱ ግን ችግር ነበረበት፤ ምንም ሳይሰጣቸው ከተሻላቸው ሰዎች ጋር አላነጻጸረም። የአጣዳፊ ህመም ጠባይ ደግሞ መውጣትና መውረድ ነው። ሰው ነርስ የሚጠራው ህመሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ከጫፍ በኋላ ያለው መንገድ ብዙውን ጊዜ ቁልቁለት ነው። በዚያች ደቂቃ ምንም ነገር ቢሰጡት ምስጋናው ለተሰጠው ነገር ይሆናል። ከወንድምዎ እፎይታም የተወሰነው ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ድካሙንና የሌሊቱንም ሰዓት ይጨምሩበት።

በ2001 የኮፐንሃገኖቹ አስብዮርን ሮብያርትሶንና ፒተር ጎትሸ ቢቸር የዘለለውን ንጽጽር አደረጉ።